ጧት ተነስቶ ምን ይሠራል?

ሰውየው ሐዋሳ አሞራ ገደል ዓሣ የሚያጠምዱ ናቸው። ልጃቸውን ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ፊዚክስ አስተምሬያታለሁ። አሁን ዩኒቨርሲቲ ገብታ ፍሬሽማን እየጨረሰች ነው፤ ፊልድ መምረጫዋ ደርሷል። ውጤቷ ሕክምና ያስገባታል። እሷ ግን "ፊዚክስ እገባለሁ፣ ከዚያ ሥነ ፈለክ፣ ጥቁር ጉድጓዶችንና ሩቅ ጋላክሲዎችን ነው የማጠናው" ብላ ቤቱን አተራምሳዋለች። አባቷ ይሄን ሰምተው ነው በሥራ ቀን፣ ገበያቸውን ለሰው አደራ ብለው፣ እኔ ዘንድ የመጡት።

እንዲህ ያለ ወላጅ ሲመጣ ወሬው ወዴት እንደሚሄድ አውቀዋለሁ። ደመወዙ ስንት ነው? ሥራስ ይገኛል? ሕክምና እያለላት፣ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ምን ይሉታል? የፊዚክስ ነገር በአገራችን የታወቀ ነው። ወዶ የሚገባው ጥቂት ነው፤ "ፊዚክስ ደረሰኝ" ብሎ የሚያለቅሰው ይበልጣል። ስለዚህ የተለመደውን ጥያቄ ጠብቄ፣ የተለመደውን መልስ አዘጋጅቼ ነበር።

እሳቸው ወንበሩ ላይ ቁጭ አሉ። ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። ጣቶቻቸው ላይ የመረብ ክር የቆረጠው መስመር መስመር ጠባሳ አለ። ደመወዝ አላነሱም።

"መምህር፣ አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ" አሉ። "ይሄ ሰማይ አጠናለሁ የሚለው ሰው፣ ጧት ተነስቶ ምን ይሠራል?"

ከዚያ ቀን ወዲህ ይሄ ጥያቄ አለቀቀኝም። ክፍል ገብቼ ሳስተምር፣ ማታ ሐይቁ ዳር ስሄድ፣ ባጃጅ ውስጥ ቁጭ ብዬ እንኳ መልሱን በልቤ ሳብሰለስለው እገኛለሁ።

## ሰማይ አይታረስ

ጥያቄያቸውን ሲያብራሩልኝ እንዲህ አሉ። "ሐኪሙ ጧት ጋውኑን ለብሶ በሽተኛ ያያል። እርስዎ ጠመኔ ይዘው ክፍል ይገባሉ። እኔ ማታ መረብ እጥላለሁ፣ ጧት አነሳለሁ። ይሄኛውስ? ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ሲባል ነው የሰማሁት። በማይታረስ ነገር ላይ ሰው ምን ሲሠራ ይውላል?"

ቀልድ አልነበረም። ንቀትም አልነበረበትም። ልጃቸው ዕድሜዋን ልትሰጠው ያሰበችው ሥራ ቀኑን በምን እንደሚሞላ ማወቅ ነው የፈለጉት። እኔ ስንት ዓመት ስለ ከዋክብት ሳወራ፣ ይሄን የጠየቀኝ ተማሪም ወላጅም አልነበረም።

እስቲ አስቡት። ስለ ሥነ ፈለክ ስናወራ የምናወራው ስለ ግርምቱ ነው። ይሄን ያህል ቢሊዮን ኮከብ፣ ይሄን ያህል ሚሊዮን የብርሃን ዓመት፣ ይሄን ፎቶ እዩት። ልጁ አፉን ከፍቶ ይሰማል። ደስ ይላል። ያንን ቁጥር ያገኘው ሰው ግን ቀኑን እንዴት እንደዋለ ማንም አይነግረውም። ልጅ ሐኪም ምን እንደሚሠራ የሚያውቀው ታሞ ስላየው ነው። ሹፌሩን ያየዋል። ባንክ ቤት መስኮቱ ጋ የተቀመጠችውን ያያታል። የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ግን ሐዋሳ ፒያሳ ላይ አያጋጥመውም።

ስለዚህ አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሰዎች ስለተለያየ ነገር ይጨቃጨቃሉ። ልጅቷ ስለ ሰማዩ ታወራለች። አባቷ ስለ ሥራው ይጠይቃሉ። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ግን አይደማመጡም። እንደኔ እምነት ልጆቻችንን ከዚህ ሙያ የሚያርቃቸው የገንዘብ ችግር ብቻ አይደለም። ሥራው እንደ ሥራ ተነግሮን አያውቅም። ሰው ደግሞ የማያውቀውን ሥራ ለልጁ አይመኝም።

## አንድ ፎቶ፣ ሁለት ዓመት

መልሴን የጀመርኩት ብዙዎቻችን ከምናስታውሰው ፎቶ ነው። ሚያዝያ 2 ቀን 2011 ዓ.ም. ዓለም ሁሉ ያየው፣ መሃሉ ጨለማ የሆነ ብርቱካናማ ቀለበት። ኤም 87 በሚባል ጋላክሲ መሃል ያለ ጥቁር ጉድጓድ ነው፤ ስበቱ ከመበርታቱ የተነሳ ብርሃን እንኳ አያመልጠውም። ክብደቱ ከፀሐይ 6.5 ቢሊዮን ጊዜ ይበልጣል። ከዚያ የተነሳ ብርሃን እኛ ጋ ለመድረስ 55 ሚሊዮን ዓመት ያህል ይፈጅበታል። ስልኬ ላይ አውጥቼ አሳየኋቸው። አዩት፤ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። ጥያቄያቸው ገና አልተመለሰም ነበር።

ያኔ ነው ቀኖቹን ልብ ያልኩት። ፎቶው የወጣው በ2011 ሚያዝያ ነው። ቴሌስኮፖቹ መረጃውን የሰበሰቡት ግን በ2009 ዓ.ም. መጋቢት መጨረሻና ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ ነው፤ ያውም በጥቂት ሌሊቶች። መሃል ላይ ሁለት ዓመት አለ። በእነዚያ ሁለት ዓመታት ከ200 በላይ ተመራማሪዎች ጧት ጧት እየተነሱ ምን ሲሠሩ ነበር? የሰውየው መልስ እዚያ ውስጥ ነበር። ስልኩን አስቀምጬ ያንን መተረክ ጀመርኩ።

ለሥራው ስምንት ቴሌስኮፖች ተሰለፉ። ሃዋይ፣ አሪዞና፣ ሜክሲኮ፣ ቺሊ፣ ስፔንና ደቡብ ዋልታ ላይ ያሉ ናቸው። ኤም 87ን ያዩት ሰባቱ ናቸው፤ ከደቡብ ዋልታ ስለማይታይ የዚያኛው መረጃ የረዳው ለማስተካከያ ነው። ምድርን የሚያህል አንድ ቴሌስኮፕ መሥራት አይቻልም፤ የተራራቁትን አስተባብሮ እንደ አንድ መጠቀም ግን ይቻላል። እያንዳንዱ ጣቢያ የደረሰውን የሬዲዮ ሞገድ በአቶሚክ ሰዓት እየለካ ሃርድ ዲስክ ላይ ቀዳ። መረጃው ከመብዛቱ የተነሳ በኢንተርኔት የሚላክ አልሆነም። ስለዚህ ዲስኮቹ ታሽገው በአውሮፕላን ወደ አሜሪካና ወደ ጀርመን ተጓዙ። የደቡብ ዋልታዎቹ ግን እዚያው ቀሩ። እዚያ ክረምቱ ሲገባ አውሮፕላን አያርፍም። ብርዱ እስኪያልፍ ወራት ተጠበቀ።

"መንገድ ተዘግቶ ዕቃ መጠበቅ" አሉ አባቷ። "እሱማ የኛም ነው።" ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸው ፈታ አለ።

ዲስኮቹ ሲሟሉ ማዛመዱ ቀጠለ። አንዱ ጣቢያ የቀዳው ከሌላው ጋር እጅግ በጣም ጥቃቅን በሆነ የሰከንድ ክፍልፋይ መገጣጠም አለበት። በየቦታው ያለው የአየር እርጥበት ሞገዱን ያዛባዋል፤ ያ ሁሉ ይታረማል። ይሄ የወራት ሥራ ነው። ኮምፒውተር ፊት ቁጭ ብሎ፣ የትናንቱን ውጤት እየጠረጠሩ፣ ስህተቱ ከመሣሪያው ይሁን ከሒሳቡ መፈለግ ነው።

ከዚያ የመጣው ነገር ነው እኔን ከሁሉም በላይ የሚነካኝ። ምስሉን የሚያወጡት ሰዎች በአራት ቡድን ተከፈሉ። ቡድኖቹ ስለ ውጤታቸው እርስ በርስ እንዳያወሩ ተደረገ። ለምን መሰላችሁ? ሁሉም ቀለበት ማየት ይፈልጋል። የአይንስታይን ቀመር ቀለበት ይኖራል ብሏል። ዓይን ደግሞ የፈለገውን ነገር ቶሎ ያገኛል። አንዱ "አየሁ" ካለ ሌላውም ተከትሎ ያያል። ስለዚህ ለየብቻቸው፣ በየራሳቸው ዘዴ ሠሩ። ተገናኝተው ምስሎቻቸውን ጎን ለጎን ሲያስቀምጡ አራቱም ላይ ቀለበት ነበር። መጠኑም ተቀራራቢ ነበር።

ያም ሆኖ ወዲያው አላወጁም። ቀለበት የሌለበት የይስሙላ መረጃ ፈጥረው ለፕሮግራሞቻቸው ሰጡ። ፕሮግራሙ ከሌለበት ቀለበት ይፈጥር እንደሆነ ለማወቅ ነው። አልፈጠረም። ለዓለም ያሳዩት ይሄን ሁሉ ካለፉ በኋላ ነው።

አንድ ሙያ ራሱን ለማመን እንዲህ ሲጠነቀቅ ሳይ አከብረዋለሁ። ሰው ስሜቱ እንዳያታልለው አስቀድሞ ራሱን የሚያስርበት ሥራ ብዙ አይደለም። ሰውየውም ያከበሩት ይመስለኛል። ትንሽ አሰቡና "እንግዲያው ሥራ አለው" አሉ።

በነገራችን ላይ ኤም 87 በሐዋሳ አናት ላይ ነው የሚያልፈው። በሚያዝያ አጋማሽ፣ ከምሽቱ 5 ሰዓት ገደማ፣ ታቦር ተራራ ላይ ወጥቶ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ያየ ሰው ከሞላ ጎደል ወደዚያ ጋላክሲ እያየ ነው። በባዶ ዓይን አይታይም። አቅጣጫው ግን እዚያው ነው። ይሄን ለተማሪዎቼ መንገር እወዳለሁ፤ ምክንያቱም ብዙዎቹ እንዲህ ያለው ነገር በሌላ አገር ሰማይ ላይ ያለ ይመስላቸዋል።

## ውሃው ሲነቃነቅ

"ቆይ" አሉ። "ጥቁር ነው አሉኝ። ብርሃንም አያወጣም አሉኝ። መኖሩን በምን ያውቃሉ?"

ይሄ የሙያው ዋና ጥያቄ ነው። ያነሱት ግን ፊዚክስ ተምረው የማያውቁ ሰው ናቸው።

ስለ ራሳችን ጋላክሲ መሃል ነገርኳቸው። ወደ 27 ሺህ የብርሃን ዓመት ይርቃል። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ሁለት ቡድኖች፣ አንዱ በጀርመናዊው ራይንሃርድ ጌንዘል፣ ሌላው በአሜሪካዊቷ አንድሪያ ጌዝ የሚመሩ፣ እዚያ መሃል ያሉትን ከዋክብት በየዓመቱ እየተመለሱ አዩ። አንዷ ኮከብ ኤስ 2 ትባላለች። በምንም ነገር ዙሪያ ትዞራለች። በምንም ስል፣ የምትዞርበት ቦታ ላይ የሚያበራ ነገር የለም ማለቴ ነው። አንድ ዙር ለመጨረስ 16 ዓመት ይፈጅባታል። ከምትዞርበት መንገድና ከፍጥነቷ ተነስቶ መሃል ላይ ያለው ነገር ምን ያህል እንደሚከብድ በሒሳብ ይገኛል። 4 ሚሊዮን ፀሐይ ያህል ሆኖ ተገኘ። ያ ሁሉ ክብደት የታጨቀው ደግሞ የኛን ፀሐይና ፕላኔቶቿን ከሚይዘው ቦታ ባነሰ ስፍራ ነው። ከጥቁር ጉድጓድ ሌላ እንዲህ ሊሆን የሚችል የሚታወቅ ነገር የለም። ሁለቱ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2020 ከሮጀር ፔንሮዝ ጋር የፊዚክስ ኖቤል ተሸለሙ።

አባቷ እስክጨርስ ጠበቁ። ከዚያ እንዲህ አሉ።

"እኛም እኮ ዓሣውን ከላይ አናየውም። ውሃው ሲነቃነቅ ነው። አነቃነቁን አይቶ ይሄ ቆሮሶ ነው፣ ይሄ አምባዛ ነው ብሎ የሚለይ ሰው አለ። ትልቁንና ትንሹንም ይለያል።"

ምን ልበላችሁ። ከዚህ የተሻለ ማስተማሪያ አላውቅም። ከዚያ ወዲህ ክፍል ውስጥ የማስረዳው በዚህ ነው። ሐይቁን የማያውቅ የሐዋሳ ልጅ ስለሌለ ሁሉም ወዲያው ይገባዋል። ግን ከማስተማሪያነቱም ይልቅ ሌላ ነገር ነው የያዘኝ። ሰውየው እስከዚያ ደቂቃ ድረስ የልጃቸውን ምኞት ከሥራ አልቆጠሩትም ነበር። በዚያች ደቂቃ ግን እንደ ባለሙያ ለባለሙያ ማውራት ጀመሩ። "እና ኮከቧን ሲከታተሉ ቢስቱስ? ደመና ቢሆንስ? አንዱ ሲያረጅ ማን ይቀጥላል?" እያሉ አከታተሉብኝ። ስለ ግርምት ሳወራላቸው አንድም ጥያቄ አልነበራቸውም። ስለ ሥራ ስናወራ ጥያቄያቸው አላለቀም።

ጥያቄዎቹም ጥሩዎች ነበሩ። ኤስ 2 ወደ ጥቁሩ ጉድጓድ እጅግ የቀረበችው እ.ኤ.አ. በ2002 ነበር። እንደገና እስክትቀርብ ድረስ እስከ 2018 መጠበቅ ነበረበት። በመሃል ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው የለም። የተሻለ መሣሪያ ተሠራ። ቺሊ ውስጥ ያሉ አራት ትልልቅ ቴሌስኮፖችን ብርሃን አንድ ላይ የሚያጣምር ነው። አዳዲስ ተማሪዎች ሠለጠኑ። ኮከቧ ስትመለስ ዝግጁ ሆነው ጠበቋት። ያን ጊዜ በሰከንድ ከ7 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ትከንፍ ነበር። ብርሃኗም ከጥቁሩ ጉድጓድ ስበት የተነሳ አይንስታይን እንዳለው ተለጥጦ ተገኘ። በ2002 ተማሪ የነበረ ሰው በ2018 የራሱን ተማሪዎች ይዞ ነው ያያት።

እግረ መንገዳቸውን "ይሄ ነገር እኛን አይውጠንም ወይ?" ማለታቸው አልቀረም። አይውጠንም። ፀሐይ ራሷ አሁን ባለችበት ክብደት ወደ ጥቁር ጉድጓድ ብትለወጥ እንኳ ምድር መንገዷን አትስትም፤ ጨለማና ብርድ ነው የሚሆንብን እንጂ። ጉድጓዱ የሚውጠው በጣም የቀረበውን ነው።

## ግራፉን ስንከፍት

በሳምንቱ ቅዳሜ ልጅቷን ይዘዋት መጡ። ላብራቶሪው ውስጥ ላፕቶፔን ከፈትኩ። ኢንተርኔቱን ከስልኬ ነው ያገናኘሁት። ስሎን የሚባለው የሰማይ ቅኝት የሰበሰበውን መረጃ ለማንም በነፃ ይሰጣል። የሚሊዮኖች ጋላክሲዎች ስፔክትረም፣ ማለትም ብርሃናቸው በየቀለሙ ተዘርዝሮ፣ እዚያ አለ። ይሄን ብዙ ሰው አያውቅም። ሐዋሳ ያለ ተማሪ የሚያየው መረጃ ካሊፎርኒያ ያለው ፕሮፌሰር ከሚያየው አያንስም።

ልጅቷ አንድ ጋላክሲ መርጣ ከፈተች። አባቷ ከኋላ ወንበር ስበው ቁጭ አሉ። የጠበቁት ፎቶ ነበር መሰለኝ። የመጣው ግን ከግራ ወደ ቀኝ የሚሄድ የተንቀጠቀጠ መስመር ነው። ግራፍ ነው። አብዛኛው ዝቅ ብሎ ይሄዳል። አንዳንድ ቦታ ላይ እንደ ሹል ተራራ ብድግ ይላል።

ከፍተኛውን ተራራ ጠቆመችላቸው። "ይሄ ሃይድሮጅን ነው፣ አባዬ" አለች። ሃይድሮጅን እዚህ ላብራቶሪ ውስጥ ቢሞቅ በ656.3 ናኖ ሜትር ላይ ቀይ ብርሃን ያወጣል። ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ተራራ ግን 689 አካባቢ ነው የቆመው። ወረቀት አወጣች። 689ን ለ656.3 አካፈለች። 1.05 ገደማ መጣ። ብርሃኑ መንገድ ላይ እያለ አጽናፈ ዓለም በመስፋቱ ምክንያት በ5 በመቶ ተለጥጧል። ከዚህ ተነስታ ብርሃኑ ጉዞ ከጀመረ ከ650 ሚሊዮን ዓመት በላይ እንደሆነው አሰላች። በእስክሪብቶ፣ በደብተር ጀርባ ላይ ነው የሠራችው።

ከዚያ ወደ ተራራው ሥር ጠቆምኳት። ጫፉ ሹል ነው። ሥሩ ግን ግራና ቀኝ በጣም ተንሰራፍቷል። ለምን? አንዱ ጋዝ ወደኛ ይመጣል፣ አንዱ ይሸሻል፤ የሚመጣው ብርሃኑ ያጥራል፣ የሚሸሸው ይረዝማል። ስፋቱን ስትለካው ጋዙ በሰከንድ በሺዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር እንደሚከንፍ አገኘች። ጋዝን እንዲህ የሚያሽከረክረው መሃል ላይ ያለ ከባድ ጥቁር ጉድጓድ ነው። ጋዝ እየተመገበ ያለ ጥቁር ጉድጓድ የሚለይበት አንዱ መንገድ ይሄው ነው።

"ጧት ተነስቶ የሚሠራው ይሄን ነው" አልኳቸው። ቴሌስኮፕ ላይ የሚያድርበት ሌሊት በዓመት ውስጥ ጥቂት ነው። አብዛኛውን ቀን እንዲህ ያለ መስመር ያነባል። አንድ ሳይሆን ሺህ፣ መቶ ሺህ። ዓይን ስለማይችለው የሚያነብለት ፕሮግራም ይጽፋል። ፕሮግራሙ ሲሳሳት ያርማል። ያገኘውን ጽፎ ይልካል፤ የማያውቀው ባለሙያ አንብቦ ይነቅፍለታል። ቴሌስኮፕ ሲፈልግ ማመልከቻ ይጽፋል። በጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ ላይ እ.ኤ.አ. በ2023 የተጠየቀው ሰዓት ካለው ሰዓት ወደ 9 እጥፍ ነበር። ስለዚህ ብዙው ጥያቄ ውድቅ ይሆናል። በዓመቱ አሻሽሎ እንደገና ይጠይቃል።

የሠራችው ስሌት ቀላል ነው ብሎ የሚያስብ ካለ፣ እ.ኤ.አ. በ1963 ማርተን ሽሚት የሠራው ይሄንኑ መሆኑን ላስታውሰው። 3ሲ 273 የሚባል ኮከብ የሚመስል ነገር ነበር። መስመሮቹ ከሚታወቅ ከየትኛውም ንጥረ ነገር ጋር አልገጥም አሉ። ሽሚት ሃይድሮጅን መሆናቸውን፣ ግን በ16 በመቶ መለጠጣቸውን አስተዋለ። ኮከብ የመሰለው ነገር ከ2 ቢሊዮን የብርሃን ዓመት የሚርቅ፣ ከመላው ጋላክሲ በላይ የሚያበራ ነገር ሆኖ ተገኘ። ስለ ግዙፍ ጥቁር ጉድጓዶች ያለን ዕውቀት አንዱ መነሻ ያ ቀን ነው።

## እንጀራውስ?

በመጨረሻ እሱንም ጠየቁ። መጠየቅም አለባቸው። የነገርኳቸውን እዚህም ልድገመው፤ ብዙ ወላጅ ያነብ ይሆናል።

መንገዱ ረጅም ነው። የመጀመሪያ ዲግሪ፣ ማስተርስ፣ ፒኤችዲ ሲባል አሥር ዓመት ገደማ ይሄዳል። ከዚያ በኋላም ብዙዎች ቋሚ ሥራ ከማግኘታቸው በፊት የሁለትና የሦስት ዓመት ኮንትራት እየያዙ ከአገር አገር ይዞራሉ። ፒኤችዲ ከሚይዘው ሰው ይልቅ ቋሚ ቦታው ያነሰ ነው። ይሄን ደብቆ ልጅን ማበረታታት ተገቢ አይመስለኝም። በሌላ በኩል ትልልቅ መረጃ ማንበብና ፕሮግራም መጻፍ የቻለ ሰው ሜዳ ላይ አይቀርም። ከዚህ ሙያ ወጥተው ባንክ፣ ጤና፣ ቴክኖሎጂ ውስጥ የሚሠሩ ብዙ ናቸው።

አገራችንም ባዶ አይደለችም። የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ የተመሠረተው በ1996 ዓ.ም. ነው። እንጦጦ ላይ፣ በ3,200 ሜትር ከፍታ ገደማ፣ ባለ አንድ ሜትር መስታወት ሁለት ቴሌስኮፖች አሉ። የዘርፉ ሥራ ዛሬ በስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ሥር ነው። ሰርቢያዊቷ ሚርያና ፖቪች እዚሁ አገር ለዓመታት ተቀምጣ፣ ልጅቷ ልታጠናው የምትፈልገውን ነገር፣ ማለትም ጋላክሲዎችንና በመሃላቸው ያሉትን ንቁ ጥቁር ጉድጓዶች፣ ከኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ጋር ስትመራመር ቆይታለች። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ደግሞ 64 አንቴናዎች ያሉት ሚርካት የሚባል የሬዲዮ ቴሌስኮፕ አለ፤ የጋላክሲያችንን መሃል እጅግ ጥርት ባለ የሬዲዮ ምስል ያሳየን እሱ ነው። የሚያሳስበኝም አለ። የአዲስ አበባ መብራት በየዓመቱ እየጨመረ የእንጦጦን ሰማይ ያደበዝዘዋል። ላሊበላ አካባቢ ያሉ ተራሮች የተሻለ ቦታ ሊሆኑ እንደሚችሉ ከተጠና ቆይቷል። ያ ቴሌስኮፕ ተተክሎ ባየሁ ብዬ እመኛለሁ።

"ይሄ ሁሉ ምን ይጠቅማል?" ሲባል ብዙ ሰው በዋይፋይ ነው የሚመልሰው። እውነት ነው፤ አውስትራሊያዊው ጆን ኦሳሊቫን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የሚፈነዱ ትንንሽ ጥቁር ጉድጓዶችን ሲፈልግ የተጠቀመበት ሒሳብ፣ በኋላ ከባልደረቦቹ ጋር ለሠራው የገመድ አልባ ኢንተርኔት ዘዴ መነሻ ሆኖታል። ያንን ጉድጓድ አላገኘም። እኔ ግን ይሄን መከራከሪያ ብዙ አልወደውም። ሥራው ዋጋ የሚኖረው ድንገት ሌላ ዕቃ ሲወልድ ብቻ ያስመስለዋል። ከ27 ሺህ የብርሃን ዓመት ርቀት ላይ ያለን የማይታይ ነገር መመዘን መቻል በራሱ ትልቅ ነገር ነው። የሰው ልጅ ይሄን ሲያደርግ የሐዋሳ ልጅ እዚያ መሃል ብትኖር እወዳለሁ። ለዚህ ሌላ ምክንያት መደርደር አያስፈልገኝም።

አባቷ እሺም እምቢም አላሉም። "እሷው ትምረጥ፤ እኔ ሥራው ምን እንደሆነ ማወቅ ነበር የፈለግሁት" ብለው ተነሱ። ቅጹ ላይ ፊዚክስን አንደኛ፣ ሕክምናን ሁለተኛ አድርጋ ሞልታለች። ምደባው ገና አልወጣም።

ባለፈው ሳምንት ቴሌግራም ላይ ጻፈችልኝ። የኤም 87 ቀለበት ለምንድን ነው በደቡብ በኩል ይበልጥ የሚደምቀው? የሚዞረው ጋዝ ከብርሃን ፍጥነት ጋር በሚቀራረብ ፍጥነት ስለሚሄድ፣ ወደኛ የሚመጣው ጎን ብርሃኑ ይጠነክራል ብዬ መለስኩላት። አልበቃትም። "እሱን አውቀዋለሁ ቲቸር፤ ግን ይሄን ያህል ልዩነት እንዲመጣ ፍጥነቱ ስንት መሆን አለበት?" አለችኝ። ቀመሩን ላክሁላት። ጋዙ በምን ያህል ዘንበል ብሎ እንደሚዞርም ማስገባት እንዳለባት ነገርኳት። እስካሁን ሁለት የማይገናኙ መልሶች አግኝታለች። የትኛው ላይ ስህተት እንዳለ እየፈለገች ነው።